የመኪናችሁ ኤሲ እየበራ እየጠፋ ሲያስቸግር፦ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት ደረጃ በደረጃ የሚደረግ ምርመራ

ኤሲው ጥሩ አድርጎ ያቀዘቅዛል። ድንገት ሞቅ ያለ አየር ያወጣል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው ጋዝ ማስሞላት ነው። አዲስ አበባ ላይ የተሻለው ይመስላል። መኪናው አዳማን አልፎ መተሐራ ወይም አዋሽ ሲደርስ ግን፣ ኤሲው በጣም በሚያስፈልግበት ሙቀት መቆራረጡ ይብሳል። ከዚያ ሌላ ጋራዥ፣ ሌላ ጋዝ፣ ሌላ ወጪ ይከተላል።

ኤሲ የሚቆራረጥበት ምክንያት ብዙ ነው። ጋዝ ማነስ አንዱ ነው። ጋዝ መብዛትም ሌላው ነው። የፋን መድከም፣ የላላ ሽቦ፣ ያረጀ የኤሲ ክላች፣ የበረዶ መያዝም አለ። ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። የሚለያዩት በጊዜያቸው ነው፦ ስንት ሰከንድ ሠርቶ ይቆማል? ስንት ሰከንድ ቆይቶ ይነሳል? ቆማችሁ ነው ወይስ እየነዳችሁ? ስለዚህ ምርመራው ከጋዝ ሳይሆን ከሰዓት ይጀምራል።

መመሪያው ቺንጋ ለሚያዞረው፣ ማግኔት ክላች (በኤሌክትሪክ የሚይዝና የሚለቅ ማያያዣ) ላለው ኮምፕረሰር፣ ማለትም የኤሲውን ጋዝ ለሚጨምቀው ክፍል ነው። ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ሱዙኪ ዲዛየርና አብዛኞቹ የነዳጅ መኪኖች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የኤሌክትሪክ ወይም ሃይብሪድ መኪና ካላችሁ ግን የካቢን ፊልትሮ ከመቀየርና ኮንደንሰር (ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ፍርግርግ) ከማጽዳት አትለፉ። በእነዚህ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ብርቱካናማውን ገመድ መንካት ሊገድል ይችላል። ዘይቱም የተለየ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- የስልክ ሰዓት ቆጣሪ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ
- ትንሽ ቴርሞሜትር (የኩሽና ቢሆንም ይሠራል)
- የእጅ ባትሪ
- ቴስተር
- የዓይን መከላከያ መነጽርና ወፍራም ጓንት
- ካገኛችሁ የኤሲ ጌጅ፤ ካላገኛችሁ እስከ ደረጃ 4 ያለ ጌጅ ትሄዳላችሁ

መኪናውን ሜዳ ላይ፣ ክፍት ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስታችሁ አትመርምሩ፣ ጭሱ ይገድላል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ማተብ፣ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ አውልቁ ወይም ልብስ ውስጥ አስገቡ። የራዲያተሩ ፋን ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል፤ በአንዳንድ መኪና ሞተር ጠፍቶም ይነሳል። እጃችሁን አታስጠጉ።

አንድ ነገር ከወዲሁ፦ የኤሲ ቱቦ ወይም ቡሎን በግፊት ላይ እያለ አትፍቱ። በብዛት የምንጠቀምበት አር 134 ኤ ጋዝ ሲወጣ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቆዳን ያቆስላል፣ ዓይንን ያጠፋል።

## ደረጃ 1፦ የሚጠፋው ምኑ እንደሆነ ለዩ

1. ሞተሩን አስነሱ። ኤሲውን አብሩ፣ ቅዝቃዜውን መጨረሻ፣ ንፋሱን ከፍተኛ ላይ አድርጉ።
2. ኮፈኑን ክፈቱ። የኮምፕረሰሩን ፊት ተመልከቱ። ፑሊው ሁልጊዜ ይዞራል። ከፊቱ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ግን የሚዞረው ክላቹ ሲይዝ ብቻ ነው። ሲይዝ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ የሞተሩም ድምፅ ትንሽ ይለወጣል።
3. ሌላ ሰው ውስጥ ተቀምጦ አየሩ ሲሞቅ ይጥራችሁ።

ከሦስቱ አንዱን ታያላችሁ።

ንፋሱ ራሱ ከጠፋ ችግሩ የነፋሹ ሞተር፣ ሬዚስተሩ ወይም ሶኬቱ ነው። ከጋዝ ጋር አይገናኝም። ከዳሽቦርዱ ስር የተቃጠለ ሶኬት ፈልጉ።

ሳህኑ እየዞረ አየሩ ከሞቀ ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የሚያቀላቅለው በር ወይም የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ሊሆን ይችላል። የኤክስፓንሽን ቫልቭ (ጋዙን በጠባብ ቀዳዳ የሚያሳልፈው ቫልቭ) በረዶም እንዲህ ያደርጋል፤ ደረጃ 7ን ተመልከቱ።

ሳህኑ ከቆመ ኮምፕረሰሩ እየተቆራረጠ ነው። ወደ ደረጃ 2 እለፉ።

ሳህኑ «ጠቅ» ሳይል ሁልጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ መኪናችሁ ክላች የሌለው ኮምፕረሰር ሊኖረው ይችላል። አንዳንድ አዳዲስ የአውሮፓ መኪኖች እንዲህ ናቸው። እነዚህን በኮምፒውተር ማስመርመር ይሻላል።

## ደረጃ 2፦ ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

1. ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቁ።
2. በሮቹን ሁሉ ክፈቱ። ክፍት በር ኤሲውን ስለሚያስቸግረው ጤነኛ ኮምፕረሰር ያለ እረፍት መሥራት አለበት።
3. አንድ ሰው ነዳጅ ረገጥ አድርጎ ሞተሩን 1500 ዙር ላይ ይያዝ።
4. ለ5 ደቂቃ «ጠቅ» ባለ ቁጥር ሰከንዱን ጻፉ።
5. ከዚያ ነዳጁን ልቀቁና ሚኒሞ ላይ ለ5 ደቂቃ ድገሙት።
6. በመጨረሻ 20 ደቂቃ ነድታችሁ፣ መቼ እንደሚሞቅና የንፋሱ ጉልበት መቀነስ አለመቀነሱን መዝግቡ።

### የጻፋችሁት ምን ይነግራችኋል?

2 እስከ 5 ሰከንድ ሠርቶ ይቆማል፣ ወዲያው ይደግማል። ጋዙ በጣም አንሷል፣ ወይም የግፊት ማብሪያው (የጋዙ ግፊት ከልክ ሲወጣ ኮምፕረሰሩን የሚያቆመው) ተበላሽቷል። እዚህ ላይ የመኪናው ዓይነት ይወስናል። በብዙ የአሜሪካ መኪኖች ማብሪያው ዝቅተኛ ግፊት ባለበት ቱቦ ላይ ነው፤ ጋዝ ትንሽ ሲያንስም ቶሎ ቶሎ ይቆራርጣል። በብዙ ቶዮታዎች ግን ማብሪያው ከፍተኛ ግፊት ባለበት መስመር ላይ ነው። የሚያቆመው ግፊቱ ወደ 28 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ሲወርድ፣ ማለትም ጋዙ ሊያልቅ ሲል ነው። ቶዮታ ላይ ጋዝ ትንሽ ሲያንስ ኤሲው ቅዝቃዜው ይደክማል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይቆራረጥም። ስለዚህ ደህና አድርጎ እያቀዘቀዘ ለሚቆራረጥ ኮሮላ «ጋዝ ነው» ስትባሉ፣ ማስረጃውን ጠይቁ።

ቆማችሁ ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሠርቶ ይቆማል፤ ስትነዱ ደህና ነው። ግፊቱ በጣም እየጨመረ ነው። ፋን፣ የቆሸሸ ኮንደንሰር ወይም የበዛ ጋዝ። ደረጃ 3።

ረጅም ሰዓት ሠርቶ የንፋሱ ጉልበት ይቀንሳል፣ ከዚያ ይሞቃል። ከዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ኢቫፖሬተር (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል) በረዶ ይዟል። ደረጃ 7።

መኪናው በደንብ ሲሞቅ ክላቹ ይለቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ያረጀ ክላች። ደረጃ 4።

ኮረኮንች ላይ ወይም ያለ ሥርዓት ይጠፋል። ሽቦ፣ ሶኬት፣ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ)፣ ነጌቲቭ። ደረጃ 4።

የኤሲው መብራት ብልጭ ብልጭ እያለ ይጠፋል። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ይህ የኮምፕረሰሩና የሞተሩ ፍጥነት አልተመጣጠነም ማለት ነው። የላላ ቺንጋ ወይም እየነከሰ ያለ ኮምፕረሰር ፈልጉ።

### መቆራረጥ ችግር ያልሆነበት ጊዜ

በሮቹ ተዘግተው፣ ውጭው ቀዝቃዛ ሆኖ፣ መኪናው ውስጥ ከበረደ ኮምፕረሰሩ ማረፍ አለበት። ኢቫፖሬተሩ ወደ በረዶ ነጥብ ሲጠጋ ሴንሰሩ ያቆመዋል። በክረምት ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ቶሎ ቶሎ ቢያርፍ አትደንግጡ። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ስትረግጡም ብዙ መኪኖች ለጥቂት ሰከንድ ኤሲውን ያቆማሉ፤ ጉልበቱን ለሞተሩ ለመስጠት ነው።

የሞተሩ ሙቀት ሲጨምር የሚጠፋ ኤሲ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ከአዋሽ ወደ አዳማ ሽቅብ ስትወጡ የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለና ኤሲው ከጠፋ፣ ኤሲውን ተዉት። ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ አትክፈቱ። መጠገን ያለበት የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው።

## ደረጃ 3፦ ፋኑንና ኮንደንሰሩን ፈትሹ

በከተማ መጨናነቅ የሚቆራረጥ ኤሲ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ፋኑን ይሁን። ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት የቆመው ቀጭን ፍርግርግ ነው። ሙቀቱን የሚያስወጣው አየር ሲያልፍበት ብቻ ነው። ስትነዱ ንፋሱ በራሱ ያልፋል። ስትቆሙ ሥራው የፋኑ ነው።

1. ኤሲውን አብሩ። ኮምፕረሰሩ ሲይዝ ፋኑ ወዲያው ወይም ትንሽ ቆይቶ መነሳት አለበት። ሁለት ፋን ያለው መኪና ከሆነ ሁለቱንም እዩ።
2. ካልተነሳ የፋኑን ፊውዝ፣ ሪሌና ሶኬት ፈትሹ። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ ከፍ ያለ አምፔር አታስገቡ፤ ሽቦው እሳት ይይዛል።
3. ከተነሳም አትመኑት። ወረቀት ከኮንደንሰሩ ፊት ጠጋ አድርጉ፤ ፋኑ ስቦ ሊይዘው ይገባል። ካልያዘው የፋኑ ሞተር ደክሟል፣ ወይም ሽቦው ተገልብጦ ፋኑ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። ከጥገና በኋላ የተገለበጠ ፋን ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል።
4. አሁን ዋናውን ፈተና አድርጉ። ኤሲው እየተቆራረጠ ሳለ ኮንደንሰሩ ላይ ከፊት በኩል በጆግ ወይም በጎማ ቀስ ብላችሁ ንጹሕ ውኃ አፍስሱ። ሶኬቶችና ሞተሩ ላይ አትርጩ።

ውኃው ሲፈስ ኮምፕረሰሩ መቆራረጡን ትቶ ያለማቋረጥ ከሠራ፣ ከፍተኛ ግፊት ነው ያስቆመው። አሁን ጋዝ ብትጨምሩበት ይብሳል። ውኃው ምንም ካልለወጠ ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

ኮንደንሰሩን ስታጸዱ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ከተቻለ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀላል ግፊት ውኃ እጠቡ። የላቫጆ ከፍተኛ ግፊት ውኃ ቅርብ ሆኖ ሲመታው ቀጫጭን ክንፎቹን ያጥፋል፤ ከዚያ አየር አያልፍም። የታጠፉትን በለስላሳ ብሩሽ ቀጥ አድርጉ። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ያለውንም እዩ። አቧራ፣ ነፍሳትና ላስቲክ የሚከማቸው እዚያ ነው፣ ከፊት ስታዩት ንጹሕ መስሎ።

ተጨማሪ ሁለት ነገር እዩ፦ ቺንጋው የተሰነጠቀ፣ የሚያብለጨልጭ ወይም ኤሲ ሲበራ የሚጮህ ከሆነ ቀይሩት። የካቢን ፊልትሮውንም አውጡ፤ በብዙ መኪኖች ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዳሽቦርድ ኪስ ጀርባ ነው። ከጠቆረ ቀይሩት።

## ደረጃ 4፦ በቴስተር ችግሩን ለሁለት ክፈሉት

እዚህ የሚመለሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ክላቹ ሲለቅ ኤሌክትሪኩ አብሮ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?

1. ሞተሩን አጥፉ። ከኮምፕረሰሩ የሚወጣውን የክላች ሽቦ ፈልጉ።
2. የቴስተሩን ቀይ ጫፍ በሶኬቱ ጀርባ አስገቡ፤ ጥቁሩን ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር አገናኙ። ገመዱን ከቺንጋውና ከፋኑ አርቃችሁ እሰሩ።
3. ሞተሩን አስነሱ፣ ኤሲውን አብሩ። ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ማግኘት አለባችሁ። ክላቹ ሽቦ ላይም ከዚያ በግማሽ ቮልት ባልራቀ መታየት አለበት።
4. ክላቹ እስኪለቅ ጠብቁና ቁጥሩን አንብቡ።

ቮልቱ እያለ ክላቹ ከለቀቀ ጥፋቱ ክላቹ ላይ ወይም ነጌቲቩ ላይ ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለኩ። በብዙ ኮምፕረሰሮች ከ0.35 እስከ 0.65 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ክላቹ ሲያልቅ ክፍተቱ ይሰፋል። የክላቹ ጥቅል ሽቦ ሲሞቅ ማግኔቱ ይደክምና ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል። ከሳህኑ ስር ያለችውን ቀጭን ዋሸር በማውጣት ብዙ ጊዜ ይስተካከላል፤ ኮምፕረሰር መቀየር አያስፈልግም። ይህን ጥቅል ሽቦ በኦም ስትለኩት በብዙዎቹ ከ3 እስከ 5 ኦም ይሰጣል። ምንም ካላነበበ ተቆርጧል።

የሚዞር ሳህን ላይ እንጨት እየገፋችሁ «ይይዝ እንደሆነ» አትሞክሩ። እንጨቱ ተወርውሮ ይመጣል።

ቮልቱ አብሮ ከጠፋ ክላቹ ደህና ነው፤ የሚያዝዘው ክፍል ነው እያጠፋው ያለው። በቅደም ተከተል፦

- ሪሌውን በተመሳሳይ ሌላ ሪሌ ቀይራችሁ ሞክሩ። ቁጥራቸው አንድ ከሆነ የጥሩምባው ሪሌ ይሆናል። ብዙ ሰው ውድ ዕቃ ከቀየረ በኋላ ነው ጥፋቱ ሪሌው ሆኖ የሚያገኘው።
- ሶኬቶቹን ነቅላችሁ ዝገትና አረንጓዴ ቅርፊት ፈልጉ።
- ሽቦዎቹን እያንቀሳቀሳችሁ ቴስተሩን ተመልከቱ።
- ሁሉም ደህና ከሆነ የግፊት ማብሪያው ወይም የኢቫፖሬተር ሴንሰሩ ነው እያቆመ ያለው። ትክክለኛ ምክንያት ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው በጌጅ ነው።

የግፊት ማብሪያውን በሽቦ አገናኝታችሁ አትንዱ። «ማብሪያውን ዝለለው» የሚል ምክር ብዙ ኮምፕረሰር ገድሏል። የኮምፕረሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዝ ሳይኖር ከዞረ ያለ ዘይት ይዞራል፣ ይነክሳል፣ የብረት ብናኙም በመስመሩ ሁሉ ይበተናል። ከፍተኛውን ግፊት የሚጠብቀውን ማብሪያ መዝለል ደግሞ ቱቦ ሊያፈነዳ ይችላል።

## ደረጃ 5፦ ጌጅ አንብቡ

ጌጅ ከሌላችሁ ይህን ደረጃ ጋራዥ ውስጥ ቆማችሁ አሠሩት። ቁጥሮቹን ግን ራሳችሁ አንብቡ።

1. ጌጁ ሳይገናኝ መርፌዎቹ ዜሮ ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ።
2. ሞተር ጠፍቶ፣ ሁለቱም ቫልቭ ተዘግቶ፣ ሰማያዊውን ቱቦ ዝቅተኛ ግፊት ባለበት መስመር ላይ፣ ቀዩን ከፍተኛ ግፊት ባለበት ላይ አገናኙ።
3. ሞተሩ እንደጠፋ አንብቡ። በ25 ዲግሪ ሙቀት በሁለቱም በኩል ከ80 እስከ 85 ፒኤስአይ ገደማ ይታያል። ከዚያ በጣም ካነሰ ጋዙ አልቋል ማለት ይቻላል። ደህና ቁጥር ማየት ግን ጋዙ በቂ ነው ማለት አይደለም። ውስጡ ትንሽ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ ያው ነው።
4. ሞተሩን አስነሱ፣ 1500 ዙር፣ ንፋስ ከፍተኛ፣ በሮች ክፍት። ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ላይ ዝቅተኛው ከ21 እስከ 36፣ ከፍተኛው ከ200 እስከ 230 ፒኤስአይ ገደማ ቢሆን ለብዙ መኪና ጥሩ ነው። በቀዝቃዛ አየር ሁለቱም ዝቅ ይላሉ።

አሁን ክላቹ ሲለቅ ያለውን ቁጥር ያዙ።

- ሁለቱም ዝቅ ብለው ለቀቀ፦ ጋዝ አንሷል። ደረጃ 6።
- ከፍተኛው ወደ ላይ እየወጣ 400 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስ ለቀቀ፦ ፋን፣ ኮንደንሰር፣ የበዛ ጋዝ ወይም መስመሩ ውስጥ የገባ አየር። ብዙ ቶዮታዎች 455 ላይ ያቆማሉ።
- ዝቅተኛው ከዜሮ በታች ወረደ፦ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ወይም ድራየሩ (እርጥበት የሚይዘው ጣሳ) ተዘግቷል።
- ሁለቱም ደህና ሆነው ለቀቀ፦ ማብሪያው፣ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

### ከፍታን አትርሱ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት 11 ፒኤስአይ ገደማ ሲሆን ባሕር ወለል ላይ 14.7 ነው። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር እያነጻጸረ ስለሆነ፣ ያው ጋዝ አዲስ አበባ ላይ በ3 ነጥብ ምናምን ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ይነበባል። ከፍተኛው ላይ ለውጡ አይታወቅም። ዝቅተኛው ላይ ግን 30 እና 33 ልዩነት አለው።

በቫኪዩም ጊዜ (ጋዝ ከመሙላት በፊት የመስመሩ አየር በፓምፕ ሲመጠጥ) ደግሞ ይህ በጣም ያሳስታል። የፋብሪካ መመሪያዎች 29 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ አውጡ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ምንም ዓይነት ፓምፕ ከ22 ወይም 23 አያልፍም፣ የሚወጣው አየር ራሱ ያን ያህል ስለሆነ። 22 ላይ የቆመ መርፌ አይታችሁ ጤነኛ ፓምፕ አትጣሉ። በሌለበት ቀዳዳም አትፈልጉ።

## ደረጃ 6፦ የሚያፈስበትን ዝጉ፣ ከዚያ በሚዛን ሙሉ

የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ በሥራ አያልቅም። ካነሰ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው፤ ዓመታት ቆይቶ በጎማና በመገጣጠሚያ በኩል በጥቂቱ የሚያመልጥ እንዳለ ሆኖ። በአንድ ወር ውስጥ ካለቀ ግን ቀዳዳ አለ፤ ሳይዘጋ መሙላት ገንዘብ መበተን ነው።

1. ዘይት ያረጠበው፣ አቧራ የተጣበቀበት ቦታ ፈልጉ። ጋዝ ሲወጣ ዘይት ይዞ ይወጣል። በተለይ የኮንደንሰሩን ፊት (ጠጠር ይመታዋል)፣ የኮምፕረሰሩን አፍንጫ፣ የቱቦ መጋጠሚያዎችንና የመሙያ ቫልቮቹን እዩ። የቫልቭ ክዳኖቹ ከጠፉ ግዙ፤ እነሱም ይከላከላሉ።
2. የሳሙና አረፋ ቀቡበት።
3. ካልተገኘ ጋዙ በመሣሪያ ተስቦ ይውጣና በናይትሮጂን ይፈተሽ። ናይትሮጂኑ የግፊት መቆጣጠሪያ ይኑረው። ኦክስጅን በፍጹም አይግባ፤ ከዘይት ጋር ይፈነዳል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር አየርም አይግባ፤ እርጥበት ያስገባል።
4. የተከፈተውን መጋጠሚያ ሁሉ አዲስ ኦሪንግ አድርጉለት። መስመሩ ለረጅም ጊዜ ክፍት ከቆየ ድራየሩን ቀይሩ።
5. ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቫኪዩም አስወጡ። ዘግታችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ መርፌው አለመመለሱን ተመልከቱ።
6. ጋዙን በግራም ሙሉ። መጠኑ ኮፈኑ ስር ወይም ከራዲያተሩ በላይ ባለ ተለጣፊ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ብዙ ትናንሽ የቤት መኪኖች ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይርቁም። ስለዚህ 100 ግራም መሳሳት ብዙ ነው።

አዋሽ ላይ የሚጠፋው ኤሲ ምስጢሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ ጠዋት፣ በ18 ዲግሪ ቅዝቃዜ ጌጅ እየታየ ይሞላል። በቅዝቃዜ ግፊቱ ዝቅ ስለሚል «ገና ነው» እየተባለ ይጨመራል። ያ መኪና 38 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ግፊቱ ከልኩ ያልፍና ማብሪያው ያቆመዋል። ሚዛን የሌለው ጋራዥ ጥሩ ባለሙያ ቢኖረውም ይህን ሊያመልጥ አይችልም። ከመሙላታችሁ በፊት «ሚዛን አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከበዛ ትንሽ ወደ ውጭ «ፉ» ማድረግ አያዋጣም፤ ስንት እንደቀረ አይታወቅም። ሁሉንም አስወጥቶ በመሣሪያ መመለስ፣ በሚዛን እንደገና መሙላት ነው።

እነዚህን አታድርጉ፦

- ሞተር እየሠራ የቀዩን ቫልቭ ከፍታችሁ አትሙሉ። ግፊቱ ወደ ቆርቆሮው ተመልሶ ያፈነዳዋል።
- የማብሰያ ጋዝ አታስገቡ። ኢቫፖሬተሩ ቢቀደድ የሚቀጣጠል ጋዝ ተሳፋሪው ጋ ይገባል።
- የተለያዩ ጋዞችን አታደባልቁ። አር 1234 ዋይኤፍ የሚል ተለጣፊ ያለው አዲስ መኪና አር 134 ኤ አይሞላበትም።
- ምንጩ ያልታወቀ ርካሽ ቆርቆሮ ተዉት። በሐሰት «134» ተብሎ በተሸጠ ጋዝ ውስጥ አር 40 የተገኘበት ጊዜ አለ። አር 40 ከአሉሚኒየም ጋር ተዋህዶ አደገኛ ነገር ይፈጥራል።
- ቀዳዳ ይዘጋል የሚባለውን ማሸጊያ ፈሳሽ አታስገቡ። ቫልቩንና የጋራዡን መሣሪያ ይዘጋል።

## ደረጃ 7፦ በረዶ ከያዘ

የንፋሱ ጉልበት ሲደክም ኤሲውን ብቻ አጥፉ፣ ንፋሱን ከፍተኛ ላይ ተዉት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ንፋሱ ከተመለሰና ከመኪናው ስር ብዙ ውኃ ከፈሰሰ፣ በረዶ ነበር። መጀመሪያ የካቢን ፊልትሮ። ቀጥሎ የጋዝ መጠን። ከዚያ የኢቫፖሬተሩ ሴንሰር ከቦታው መውጣት አለመውጣቱ።

ሴንሰሩን ነቅላችሁ በኦም ለኩት፣ ከዚያ በረዶ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አስገብታችሁ ድገሙት። በብዙ ቶዮታዎች በ25 ዲግሪ 1,500፣ በ0 ዲግሪ 4,800 ኦም ገደማ ነው። ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ ካላደገ ተበላሽቷል።

የንፋሱ ጉልበት ሳይቀንስ፣ ሳህኑም እየዞረ አየሩ ለጥቂት ደቂቃ ሞቆ የሚመለስ ከሆነ፣ መስመሩ ውስጥ እርጥበት አለ። ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል፤ ሲቀልጥ ይከፈታል። መድኃኒቱ አዲስ ድራየር፣ ረጅም ቫኪዩም፣ አዲስ ጋዝ ነው።

## ደረጃ 8፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ድጋሚ ፈትኑ

የደረጃ 2ን ፈተና እዚያው ጋራዡ በር ላይ ድገሙት፤ በሮች ክፍት፣ 1500 ዙር፣ 5 ደቂቃ። ከዚያ ሚኒሞ። ከዚያ በሮቹን ዘግታችሁ ቴርሞሜትሩን መካከለኛው የአየር መውጫ ላይ አስገቡ። ውጭው 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ማየት አለባችሁ።

ባለሙያው የሞላውን ግራም፣ የተገኘውን ቀዳዳና የተቀየረውን ዕቃ ይጻፍላችሁ፤ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉ። ችግሩ ከወር በኋላ ቢመለስ ምርመራው ከየት እንደሚጀምር የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።

በክረምትም ቢሆን ኤሲውን በሳምንት አንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ አብሩት። ዘይቱ የኮምፕረሰሩን ጎማ ያረጥበዋል፣ መስታወቱንም ከጉም ያጸዳላችኋል።